ደንቆሮው ባላንጣዬ

አንድ የሞተ ባላንጣ አለኝ። በሕይወት ሳለ አላየሁትም፤ እኔ ስወለድ እሱ አፈር ከሆነ ዘመን አልፎታል። ጀርመን ነው፤ ሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ደንቆሮ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚጠራለት ሞልቷል። የተወለደበት ዓመት ሲደፍን ይጠሩታል፣ የሞተበት ሲደፍን ይጠሩታል፣ አንዷን ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማበት ቀን ዓመት ሲደፍን ደግሞ እንኳን አደረሳችሁ ይባባሉበታል። እኔ ይኸው በሕይወት እያለሁ፣ ጥርሴም ገና ሳያልቅ፣ ልደቴን አስቦ አንድ ሻማ ያበራልኝ የለም። እውነቱን ለመናገር የተወለድኩበትን ቀን እኔም አላውቀው፤ እናቴ «ገብስ ሲታጨድ ነው» ብላ ነው የተወችኝ። የገብስ በዓል ማን ያከብራል?

ባለፈው ሰሞን ትዕግሥት የምትባል ልጅ ሰበታ ቤቴ ድረስ መጣች። ከወላይታ ለፋብሪካ ሥራ መጥታ ቡራዩ የቀረች ናት፤ በሥራ ቀን ክር ታጠነጥናለች፣ እሁድ ደግሞ በቸርቻቸው ኪቦርድ ትጫወታለች፣ መዘምራኑን ታሠለጥናለች። ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«ጋሼ፣ ሰበታ ላይ ክላሲካል መጀመሪያ ለሕዝብ ያሰሙት አንቱ ነዎት አሉኝ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

«እኔ አላሰማሁም። አሰሙኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። የደራሲው በዓል ዘንድሮ ቡራዩ ላይ ሊከበር መሆኑን፣ አዳራሽ መገኘቱን፣ እኔም የክብር እንግዳ ሆኜ ጥቂት ቃል እንድናገር መታሰቡን ነገረችኝ።

«ያ ደንቆሮ አሁንም አልተወኝም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ደንቆሮ አይባልም። መስማት የተሳነው ነው የሚባለው።»

«የኔ ልጅ፣ እኔ ስለ ጆሮው መች አወራሁ?»

እሺ ብዬ ሸኘኋት። ደግ ሰው ሆኜ አይደለም። ማይክ ከፊቴ ቆሞ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ያንን ሰውዬ በአደባባይ የምሰድብበት ቀን በመጨረሻ መጣልኝ ብዬ ነው። ስድቤን ማዘጋጀት የጀመርኩት ልጅቷ ከበሩ ሳትርቅ ነው። እስከ በዓሉ ድረስ እያሳመርኩት፣ ፊቴን ስላጭ ለመስታወቱ እየተናገርኩት ቆየሁ፤ መስታወቱም ተሰድቦ ተሰድቦ ሰለቸው።

ክላሲካል የሚለው ቃል በእኛ አገር ሁለት ትርጉም አለው፤ ሁለቱንም ፈረንጅ አያውቃቸውም። አንደኛው ዘፋኝ የሌለበት ዘፈን ማለት ነው። ሳክስፎን ብቻውን ከሆነ ክላሲካል ነው፤ ክራር ብቻውን ከሆነ ክላሲካል ነው፤ ዘፋኙ ጉሮሮውን አሞት ቀርቶ ባንዱ ለብቻው ከተጫወተም ክላሲካል ነው። ሁለተኛው ትርጉም ግን ሞት ነው። በወጣትነቴ ዘመን ሬዲዮአችን አንድ ትልቅ ሰው ሲያርፍ፣ ወይም አንድ ትልቅ ነገር ሲገለበጥ፣ ወዲያው አፍ አውጥቶ አይናገርም። መጀመሪያ ዘፈኑን ያቆማል። ቀጥሎ የፈረንጅ ቫዮሊን ያመጣል፤ ዝግ ያለ፣ እግሩን የሚጎትት፣ ሬሳ የከበዳቸው ሰዎች የሚሄዱትን አካሄድ የሚሄድ። ዜናው የሚመጣው ዘግይቶ ነው። እስከዚያው እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አባቶች ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ማን ይሆን እየተባባሉ ይጠብቃሉ። ዛሬ ልጆቹ ይህንኑ ሙዚቃ ጆሯቸው ውስጥ ሰክተው ለፈተና ያጠኑበታል አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ሚኒባስ ውስጥ ቫዮሊን ከሰማሁ እጄ ሳላዘው ወደ ባርኔጣዬ ይሄዳል።

የዚያን ጊዜዋን ሰበታ ለማያውቅ ማስረዳት ያስቸግራል። ጅማ መንገድን ይዛ የተዘረጋች፣ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ የምትሸት፣ ሰዓቷን በፀሐይ ሳይሆን በፋብሪካው ፉጨት የምታውቅ ከተማ ነበረች። ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ማዕዘኑ ላይ የእሜቴ በላይነሽ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ ከነቦምቦሊኖው በስሙኒ ይገኛል፤ ያውም ስኳሩ የተነሰነሰበት፣ ነክሰኸው አገጭህ ነጭ የሚሆንበት ቦምቦሊኖ። ፈረቃ ሲለወጥ ከጫማቸው እስከ ቅንድባቸው ጥጥ የለበሱ ሴቶች በር ላይ ይፈሳሉ፤ ወንዶቹ ባለ ረጅም ኮሌታ ቴትረን ሸሚዛችንን ለብሰን እንደ ዘበኛ ግድግዳ ተደግፈን እንቆማለን። የኔ ሱሪ ከጉልበት በታች የሰፋው ስፋት ለሌላ ሰው ሱሪ ይወጣው ነበር። በሄድኩበት መንገዱን እየጠረገ ይሄዳል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ አለማሰቡ ይገርመኛል። ጸጉሬም ከበር ቀድሞኝ ነበር የሚገባው። ዛሬ ያ ማዕዘን ላይ መስታወት ብቻ የሆነ ሕንፃ ተገትሮበታል። ቆሜ ሳየው ዘበኛው «አባባ፣ ምን ፈልገው ነው?» ይለኛል። ቦምቦሊኖ ብዬ ብመልስለት ፖሊስ ይጠራብኛል።

ሥራዬ የፋብሪካው ክበብ ድምፅ ማጉያ ነበር። ከክበቡ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሸክላ ማጫወቻ፣ ሬዲዮና ማይክ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ውጪ ረጅም ግንድ ላይ ሁለት ጡሩንባ ተሰቅለዋል፤ እዚህ የተናገርኩት እዚያ ከተማው ላይ ይዘንባል። ጠዋት ጠዋት «አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት፤ ይሰማል?» እላለሁ፤ ከሻይ ቤቱ «ይሰማል፣ ምን አባክ እናድርግ» ብለው ይመልሱልኛል። ከዚያ ወዲያ ስሜን የጠራ የለም፤ ጡሩንባው ተባልኩ። ከሁለቱ አንደኛው ወደ ፋብሪካው፣ ሁለተኛው ወደ ገበያው ነበር የዞሩት። ሁለተኛውን እኔው ራሴ ያንን ሱሪ ለብሼ ግንዱ ላይ ወጥቼ፣ አንዴ ወድቄ እንደገና ወጥቼ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ኦቦ ጉርሙ ግቢ አዞርኩት። ገበያተኛው ዜና ቀረበት፤ የኦቦ ጉርሙ ላሞች ግን ስለ ዓለም ሁኔታ በቂ ዕውቀት አገኙ።

ኦቦ ጉርሙ ሽታዬ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ሰማያዊ ሻርፕ ታደርጋለች፤ ከሰዓት በኋላ እሜቴ በላይነሽ ሻይ ቤት ወተት ልታደርስ ትመጣለች፤ ማሰሮውን ስትሰጥም ስትቀበልም ቀና ብላ ማንንም አታይም። እኔ ደግሞ ላታየኝ የማይቻል ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ፊት ለፊት ላናግራት ግን ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ በማይክ አናገርኳት። «ይህ ዘፈን ሰማያዊ ሻርፕ ላደረገች፣ ከወንዙ ማዶ ለምትኖር፣ ስሟ በ‹ሽ› ለሚጀምር እህታችን» እላለሁ። ይህን ያህል ምስጢር ጠባቂ ነበርኩ። ከተማው በሙሉ አወቀ፤ ወያላው አወቀ፤ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እሷን ሲያይ ዘፈኑን ያፏጭላት ጀመር። በዓለም ላይ እንደኔ የሚወድ የለም ብዬ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። አባቷን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ጎንበስ ብዬ በቋንቋቸው «አካም ቡልታን ኦቦ»፣ እንዴት አደሩ እላለሁ፤ እሳቸው በትራቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መናገሻ ተራራ አድርገው፣ ምንም ሳይሉ ያልፋሉ። እንደሳቸው ኩሩ ሰው አይቼ አላውቅም። ቂም ያዝኩባቸው፤ ልጃቸውን ካገባሁ በኋላ ሰላምታቸውን እንዴት አድርጌ እንደማልመልስ ሁሉ አስቤ ጨርሼ ነበር።

በዚህ መሀል ነው ክላውስ የመጣው። ክላውስ የማሽን ጠጋኝ ጀርመን ነው፤ ከወንድም አገር ተልኮ የመጣ። ያ ጊዜ አገሮች ሁሉ ወይ ወንድም ወይ ጠላት የነበሩበት ጊዜ ነው፤ የአጎት ልጅ የሚባል አገር አልነበረም። ክላውስ አንድ ሸክላ ነበረው፤ ሽፋኑ ላይ ጸጉሩ ያልተበጠረ፣ ጥርሱን የነከሰ፣ ብድር የተከለከለ የሚመስል ሰውዬ ተሥሎበታል። የሰውየው በዓል ደርሷልና ለከተማው ይሰማ ተባለ። የክበቡ ሊቀመንበር ስለ ወንድም ሕዝብ ታላቅ ልጅ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉና ስሙ ላይ ሲደርሱ ሳል ያዛቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ፋብሪካው ይዘጋ፣ ሸክላው ይጫወት ተብሎ ተወሰነ። እኔ የሰማሁት ይዘጋ የሚለውን ብቻ ነው። ለወራት ሽማግሌ ለመላክ ስፈልግ ጋሽ ኃይሉ፣ የዕድራችን ዳኛ፣ ፈረቃው አልመች ብሎት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው ሁሉ ነፃ ነው። «በዓል ነው፤ የደስታ ቀን ነው፤ ሂዱልኝ» አልኳቸው እሱንና ሌሎቹን ሽማግሌዎች።

ሄዱ። እኔ በባሕላችን ሽማግሌ ተከትዬ አልሄድም፤ ክፍሌ ገብቼ ሸክላውን አስቀመጥኩ። ክላውስ ከጎኔ ቆሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ከመሀል ጀምር፤ ልቡ ያለው እዚያ ነው» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። መርፌውን መሀል ላይ አሳረፍኩት። ያ ነገር ወጣ። ዝግ ያለው። እግሩን የሚጎትተው።

በመስኮት ያየሁትን አልረሳውም። መጀመሪያ ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። ቀጥሎ ጠላ ቤቱ ሰንደቁን አወረደ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደ ፋብሪካው በር መምጣት ጀመሩ፤ አንዷ ማንነቱን እስክታውቅ አላስችል ብሏት ቀድማ ታለቅሳለች። ዘበኛውን ጠየቁት።

«ማነው ያረፈው?»

«አንድ የጀርመን ሰውዬ ነው አሉ።»

«እግዚኦ። መቼ?»

«ድሮ ነው።»

«ድሮ ከሆነ ዛሬ ምን አስቸኮላቸው?»

«እኔ እንጃ፤ እንዲያውም የተወለደበት ነው መሰለኝ።»

እኔ ክላውስን ልቡ እንዲያበቃ ብለምነው እጁን አንስቶ «ገና ነው» ይለኛል። የዚያ ሰውዬ ልብ ማለቂያ የለውም። መርፌውን እንዳላነሳ ሊቀመንበሩ በሩ ላይ ቆመዋል፤ እሳቸውም አልቅሰዋል።

ሽማግሌዎቹ ወደ እሜቴ በላይነሽ ሻይ ቤት ተመልሰው ሲመጡ ከፊታቸው አወቅኩት። ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነገረኝ። ግቢው ሲደርሱ ሙዚቃው በቀጥታ ወደ ቤቱ ይጮሃል፤ እኔ ያዞርኩት ጡሩንባ ነው እንግዲህ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደንግጠው ፊታቸው የለቅሶ ፊት ሆኗል። ኦቦ ጉርሙ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ እንደ ሁልጊዜው ከጆሯቸው ሥር አትጠፋም፤ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር አለቻቸው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተነሡና ‹አገር ሐዘን ላይ ተቀምጦ ስለ ጋብቻ አይወራም፤ ደጄን በለቅሶ ቀን የረገጠ ሽማግሌ ሁለተኛ አይረግጠውም› አሉን።»

«ሐዘን እኮ አይደለም፤ ልደት ነው።»

«እሱን ሂድና ለጡሩንባህ ንገረው።»

ለቅሶ ይዞ የገባ ሽማግሌ ደግሞ አይመለስም፤ ገዱ ተበላሽቷል። ብዙም ሳይቆይ ከሱሉልታ አንድ ድርቆሽ ነጋዴ፣ በአንድ ጋሪ ድርቆሽና በአንድ ኮት ብቻ የሚታወቅ፣ ሽማግሌ ላከና ሽታዬን ወሰዳት። ነፍሱን ይማረው፤ ከልቤ ባይሆንም። ሱሉልታ እስከ ዛሬ ድርቆሽ ካየሁ ያስነጥሰኛል። እኔም በኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ፤ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረግኩ። ጠላቴን ግን አልቀየርኩም። ክላውስን ልጠላው ሞክሬ ነበር፤ አገሩ ሲሄድ ጃኬቱን ስለሰጠኝ አልሆነልኝም። ድርቆሽ ነጋዴውም ጥፋቱ ድርቆሹ ብቻ ነው። ያ ጸጉሩን ያላበጠረው ግን በሕይወቱ ሳለ ጎረቤቶቹን ሲረብሽ ኖሮ፣ ሞቶም ሰበታ ድረስ መጥቶ ሚስቴን ነጠቀኝ።

የበዓሉ ዕለት ከሰበታ ቡራዩ ለመድረስ የፈጀብኝን ጊዜ ያህል ድሮ ሰዎች ጅማ ደርሰው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ወያላው «አባባ፣ ጠጋ በሉ፣ ሦስተኛ ሰው አለ» እያለ በገዛ ጎድኔ ላይ አስቀመጠኝ። አዳራሹ ስደርስ ኬክ አየሁ። የሰውየውን ፊት በክሬም ሠርተውታል፤ ግንባሩ ከነሽብሽቡ። ትዕግሥት የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና መድረክ ወጥታ ታሪኩን መናገር ጀመረች። ጆሮው መድከም የጀመረው በጎልማሳነቱ እንደሆነ፣ ሰው እንዳያውቅበት ብሎ ከሰው ይሸሽ እንደነበር፣ ሰላም ሲሉት ስለማይሰማ ሰው የሚጠላ ትዕቢተኛ መስሏቸው ይሸሹት እንደነበር ተናገረች። ሕዝቡ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ አልመጠጥኩም፤ ስድቤን በልቤ እያሰለፍኩ ነው።

ከዚያ ኪቦርዱን ጀመረች። የትኛውን? ያንኑ። ዝግ ያለውን። እጄ ወደ ባርኔጣዬ ሄደ፤ ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት ደግሞ እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ። ሁለታችንም እጃችንን እኩል ያዝነውና ተያየን።

«ጡሩንባው አይደለህም?» አለችኝ።

ጸጉሯ ነጭ ነው፤ ዓይኗ ግን ያው ነው፤ ልዩነቱ አሁን ቀና ብሎ ማየቱ ነው። የልጅ ልጇ ከመዘምራኑ አንዷ ሆና ከሱሉልታ ይዛት መጥታለች።

«ሽታዬ» አልኩ።

«ይሄ ያ ሙዚቃ ነው አይደል?»

«እሱ ነው። ይሄ ደንቆሮ ነው ያለያየን።»

ፊቷ ተቆጣ። «ሬሳ አትስደብ። አባቴ ምን አደረገህ?»

«አባትሽን ማን አነሣ? ይሄን ኬኩ ላይ ያለውን ነው ያልኩት። ኦቦ ጉርሙ ደግሞ መቼ ደንቆሮ ነበሩ?»

«አታውቅም እንዴ?» አለች፤ ከልቧ ገርሟት። «አባዬ እኮ አይሰማም ነበር። ጆሮው ሥር ካልነገሩት በቀር መብረቅም ቢወድቅ አይሰማ። ደንቆሮ ከሚሉኝ ኩሩ ይበሉኝ ብሎ ነው ሰው ሳያይ የሚያልፈው።»

አካም ቡልታን ያልኳቸው ጠዋቶች ሁሉ በተራ ትዝ አሉኝ። ያ ሁሉ ቂም። እንደ ክብር ዕቃ ይዤው የኖርኩት።

«ቆይ፤ ካልሰሙ ታዲያ የዚያን ቀን ሐዘን መሆኑን በምን አወቁ?»

ሽታዬ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ አስተካከለች። ኪቦርዱ እግሩን እየጎተተ ይሄዳል።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለች። «ልደት መሆኑን እሜቴ በላይነሽ ጠዋቱን ነግራኝ ነበር። ሐዘን ነው አልኩት። ምን ላድርግ፣ ሽማግሌዎችህ በሩን አልፈው ገቡ፤ አባዬ ደግሞ ሽማግሌ አክባሪ ነው፤ ዝም ብል ይሰጠኛል። እግዜር ይስጠው ይሄ ሰውዬ ደረሰልኝ።»

«የወደድኩሽን ያህል የወደደሽ አልነበረም እኮ።»

«ለከተማው ነገርክ እንጂ ለኔ መቼ ነገርከኝ? ወተት ይዤ በመጣሁ ቁጥር ወፍጮ ቤቱ ያፏጭብኛል፤ ሻርፑን አውልቄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሽታዬ፣ ትፈልጊኛለሽ ወይ ብለህ አንድ ቀን ጠይቀኸኛል?»

«ያ ባለድርቆሹስ?»

«ገበያ ላይ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም ብለው ኖሮ ጋሪውን ነድቶ ይሄድ ነበር።»

ደንቆሮ የሰማ ለት ያብዳል ይላሉ። ማበዱን ተውኩት፤ ለዚህ ዕድሜ አይመችም። ግን ተናድጃለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ተናድጃለሁ። ጠላት ማሳደግ ቀላል ነገር አይደለም። ወጣትነቴን ያበላሁት፣ ሚኒባስ ውስጥ የረገምኩት፣ ስሙን ሳልጠራ የኖርኩለት ጠላቴ ለካ የሰው መልእክተኛ ኖሯል። ኬኩ ላይ አፈጠጥኩበት። እሱም አፈጠጠብኝ። ይቅርታ ግን አልጠየቅኩትም፤ ጥፋተኛ ባይሆንም ሙዚቃው ረጅም ነው፤ ያንን ያህል ርዝመት ያለው ልብ ለማንም አያስፈልግም።

ሙዚቃው አለቀ፤ ተጨበጨበ። ትዕግሥት ማይኩን ይዛ «አሁን ደግሞ ይህን ሙዚቃ በዚህ አካባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰሙን አባታችን» ስትል ሰማሁ። ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁ። መድረኩ ላይ ስወጣ ስድቤን ፈለግኩት፤ አንዱም የለም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየኛል፤ ሽታዬም ቀና ብላ ታየኛለች። እጄ የለመደውን አደረገ፤ ማይኩን በጣቱ ቆረቆረ።

«አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት» አልኩ። «ይሰማል?»

አዳራሹ ሳቀ። ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ ብቻ ሳይስቅ መለሰ፤

«ለኛማ ድሮም ይሰማል። አንተ ነህ እንጂ።»